70 ዋት ላይ የነደደው ጥጥ፦ የቬፕ ቁጥሮች ምን ማለት ናቸው?

ጥር 13 ነው። ታቦታቱ ገብተዋል፣ ሚካኤልም ትናንት ገብቷል። ጎንደር ግን ገና ከእንግዳው አልተላቀቀም። እኔ ፒያሳ አካባቢ ባለችው ጠባብ መጠገኛ ቤቴ የአንዲት ጎረቤቴን የኤሌክትሪክ ምጣድ ገልብጬ ሽቦውን እያየሁ ነበር። "እንጀራው ከሥር እያረረ እንግዳ ፊት አዋረደኝ" ብለው ጥለውልኝ የሄዱት ምጣድ ነው።

አንድ ወጣት ገባ። 26 ዓመቱ ነው፤ ከልጅነቱ አውቀዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲግሪ ይዞ ወጣ፤ ከዲግሪው ጋር ግን ሲጋራም ይዞ ነው የወጣው። ከኪሱ የሲጋራ ፓኮ የምታክል ብረት፣ ቬፕ የሚሏትን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ አወጣና ምጣዱ አጠገብ አስቀመጣት።

"አያ፣ እስቲ ይቺን እያት። የአጎቴ ልጅ ለጥምቀት ሲመጣ ይዞልኝ የመጣት ናት። ትናንት ደህና ነበረች። ዛሬ ስስባት ጉሮሮዬን ጠበሰችኝ።"

ጠጋ ብዬ ማሽተት እንኳ አላስፈለገኝም። የተቃጠለ ጥጥ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ስክሪኗን አበራሁት። 70 ዋት ይላል።

"ስትቀበለው ስንት ላይ ነበረች?"

"28 መሰለኝ። እኔ ነኝ ከፍ ያደረግኳት። ይበልጥ ትሠራለች ብዬ።"

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስክሪን ላይ ቁጥር ካየን፣ የመደመር ምልክት ያለበት ቁልፍም ካገኘን፣ እጃችን ወደ ላይ ይሄዳል። የቴሌቪዥን ድምፅ ይመስለናል። ቬፕ ላይ ያለው ዋት ግን እንደ ድምፅ ብቻውን ከፍና ዝቅ የሚል ነገር አይደለም። ከሽቦው፣ ከጥጡ፣ ከፈሳሹና ከባትሪው ጋር ካልተስማማ ትርጉም የለውም።

ወደ ቁጥሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። በአገራችን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስመጣትም መሸጥም ይከለክላል። ስለዚህ "ከየት ልግዛ?" ለሚለው እዚህ መልስ አታገኙም። እኔም አልሸጥም፣ ለሻጭም አልጠግንም። ነገር ግን ዕቃው በእንግዳ ሻንጣ እየመጣ የሰው ኪስ ውስጥ መግባቱ አልቀረም። ኪስ ውስጥ ያለን ባትሪ ደግሞ አለማወቅ ከማወቅ የባሰ ነው።

ሆዱን እንክፈተው። ከላይ ስታዩት የስልክ ዘመድ ይመስላል። ውስጡ ግን ምጣድ ነው፤ ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። ባትሪ አለ። የባትሪውን ጉልበት የምትመጥን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለች። ኮይል የሚሉት የተጠመዘዘ ሽቦ አለ። ሽቦው መሐል ወይም ዙሪያ ጥጥ ተጠቅጥቋል። ጥጡ ከፈሳሹ ታንክ ውስጥ ፈሳሽ ይጠጣል። ቁልፉን ስትጫኑ ሽቦው ይግላል፣ ጥጡ ላይ ያለው ፈሳሽ ይተናል፣ እናንተ ተኑን ትስባላችሁ። ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት በ2003 እ.ኤ.አ. የሠራው ሆን ሊክ የሚባል ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ነው። ያኔ የሚስተካከል ዋት የሚባል ነገር አልነበረውም። ቁጥሩ፣ ስክሪኑና ቁልፉ በኋላ የመጡ ናቸው።

አሁን ወደ ምጣዱ እንመለስ፤ የጎንደር ሰው ይህን ነገር ከምጣድ የተሻለ የሚማርበት መንገድ የለም።

የተለመደ የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይበላል። ከግድግዳ የሚመጣው 220 ቮልት ነው። ዋቱን ለቮልቱ ስታካፍሉ 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። ቮልቱን ለአምፔሩ ስታካፍሉ ደግሞ የሽቦው ተቃውሞ ይወጣል፤ 14 ኦም ገደማ። ቮልት ግፊት ነው። አምፔር በሽቦው የሚያልፈው ፍሰት ነው። ኦም ሽቦው ፍሰቱን ምን ያህል እንደሚያስቸግረው ነው። ዋት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ግብግብ የሚወጣው ሙቀት ነው።

የምጣድ ሽቦ ሲበጠስ አንዳንድ ጠጋኝ ምን ያደርጋል? የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጦ ይጥላል፣ የቀረውን ስቦ ያገናኛል። ሥራው በአምስት ደቂቃ ያልቃል፣ ሽቦ አይገዛም፣ ደንበኛም ደስ ይላታል። ግን ሽቦው አጥሯል። ሲያጥር ተቃውሞው ይቀንሳል፤ 14 የነበረው 12 ኦም ይሆናል እንበል። ግድግዳው ያው 220 ቮልት ነው። አሁን ምጣዱ የሚበላው 3500 ሳይሆን ከ4000 ዋት በላይ ነው። ሴትየዋ ግን "ምጣዴ ጎበዝ ሆነ" ይላሉ። ሁለት ወር ሳይቆይ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ ብሬከሩ ይዘላል፣ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ከሥር ያርራል።

ቬፕ ላይ ሰው የሚምታታበትም እዚሁ ነው። ኦሙ ሲያንስ ጉልበቱ ይጨምራል። ትንሽ ቁጥር ያለበት ኮይል ትንሽ የሚሠራ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው።

በዚህ ዕቃ ውስጥ ያለው ባትሪ ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው፣ ሊያልቅ ሲል ወደ 3.3 ይወርዳል። ይህ ባትሪ በቀጥታ፣ ያለ ምንም መካከለኛ፣ ከሽቦው ጋር ቢገናኝ ምን እንደሚሆን አስሉት። ኮይሉ 1.2 ኦም ከሆነ የሚወጣው 15 ዋት ያህል ነው፤ ከሽሮ ሥር የሚለኮስ ለስላሳ እሳት በሉት። 0.4 ኦም ከሆነ 44 ዋት ይሆናል። 0.15 ኦም ከሆነ ወደ 118 ዋት ይዘላል። ባትሪው ያው አንድ ባትሪ ነው፤ የተለወጠው ሽቦው ብቻ ነው።

በቀጥታ የሚገናኘው ዓይነት ሌላም ችግር አለው። ባትሪው ሲደክም ዕቃውም ይደክማል። 0.4 ኦም ላይ 44 የነበረው፣ ባትሪው 3.3 ሲደርስ 27 ዋት ላይ ይወድቃል። ይህንን ጎንደር ውስጥ የማያውቅ የለም። ማታ መንደሩ ሁሉ ምድጃ ሲሰካ መብራት ይደክማል። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የ3500ው ምጣድ 2300 ገደማ ብቻ ይሰጣል። ቮልቱ የወረደው በአምስተኛ ቢሆን ነው፤ ሙቀቱ ግን በሦስተኛ ይወርዳል። "ሊጡ ነው፣ እርሾው ነው" እየተባለ ስንቱ እርሾ ተወነጀለ።

ሀብት ያለው ሰው ለዚህ ስታብላይዘር ይገዛል። ዋት የሚስተካከልበት ቬፕም ውስጡ ስታብላይዘር አለው ማለት ነው። እናንተ "28 ዋት ስጠኝ" ትሉታላችሁ። ሰሌዳዋ መጀመሪያ የኮይሉን ኦም ትለካለች፣ ከዚያ የሚያስፈልገውን ቮልት ራሷ ታሰላለች። ኮይሉ 0.4 ከሆነ 3.35 ቮልት ትልካለች። ኮይሉን ቀይራችሁ 1.2 ብታስገቡ ለዚያው 28 ዋት 5.8 ቮልት ያስፈልጋል፤ ባትሪው ያን ያህል ስለሌለው ሰሌዳዋ ከፍ አድርጋ ትልካለች። ባትሪው ሙሉም ይሁን ጎደሎ እናንተ ጋ የሚደርሰው ያው ነው።

ቮልት የሚስተካከልባቸውም አሉ፤ በተለይ እንደ እስክሪብቶ ቀጠን ያሉት። እነሱን አልወድም። 4 ቮልት 0.4 ኦም ላይ 40 ዋት ነው፣ 1.2 ኦም ላይ ግን 13 ዋት ነው። ኮይል በተቀየረ ቁጥር ሒሳቡን ሰውየው ራሱ ካልሠራ በስተቀር አንዱ ላይ የተስማማው ሌላው ላይ ያቃጥላል። ዋት የሚስተካከልበት ይህን ሒሳብ ያቀልለታል።

"እሺ፣ ታዲያ ስንት ላይ ላድርገው?"

ልጁም የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። መልሱ ስክሪኑ ላይ ሳይሆን ኮይሉ ላይ ነው። ታንኩን ፈትቼ ኮይሉን አወጣሁለት፣ የሞባይል መጠገኛ አጉሊ መነጽሬን ሰጠሁት። ጎኑ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦ 0.4፣ ቀጥሎ የፈረስ ጫማ የምትመስል ምልክት፤ እሷ ኦም ማለት ናት። ከሥሩ ከ25 እስከ 35፣ ከዚያ ደብልዩ የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል። ዋት ነው። የሠራው ሰው "ይህ ሽቦና ይህ ጥጥ ከ25 እስከ 35 ዋት ይችላሉ" ብሎ ጽፎለታል። ልጁ እጥፉን ጫነበት።

"ታዲያ 70 የሚሆን ካልሆነ ማሽኑ ላይ ለምን ተጻፈ?" አለኝ ተቆጥቶ።

ደህና ጥያቄ ነው። ዕቃው የተሠራው ለብዙ ዓይነት ኮይል ነው፤ ከፍተኛው ቁጥር የዕቃው አቅም እንጂ የኮይሉ አይደለም። የመኪና ዳሽቦርድ ላይ 180 ተጽፏል። ከደባርቅ አልፈህ ሊማሊሞን ስትወርድ በ180 ትነዳለህ? አልኩት። ሳቀ።

የእኔ ምክር ይሄ ነው። ኮይሉ ላይ ካለው ዝቅተኛ ቁጥር ጀምሩ። ከ25 እስከ 35 የሚል ከሆነ 25 ላይ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡና አንድ ወይም ሁለት ዋት ጨምሩ። የሚስማማችሁ ላይ ስትደርሱ ቁሙ፤ ብዙ ጊዜ መሐሉ አካባቢ ነው የሚሆነው። ከዝቅተኛውም በታች መሆን ደግሞ ደህና አይደለም። ሽቦው ፈሳሹን በደንብ ሳያተንነው ይቀርና ኮይሉ ውስጥ ይጠራቀማል፤ እንደ ጋያ ቅል ይንቦቀቦቃል፣ አፍ ውስጥ ትኩስ ጠብታ ይተፋል፣ በአየር ቀዳዳው ይፈስሳል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ "ተበላሸ" ብሎ ወደ እኔ ያመጣል። ሁለት ዋት ነው የጎደለው።

ከላይኛው ቁጥር ሲያልፍ የሚሆነውን ለመረዳት ኩራዝ አስቡ። እናቶቻችን ኩራዝ ሲያበሩ ያየ ሰው ያውቃል። ክሩ ጋዝ እየሳበ እስካለ ድረስ የሚነደው ጋዙ ነው፤ ክሩ ለወራት ይቆያል። ጋዙ ሲያልቅ፣ ወይም ክሩ ከሚስበው በላይ እሳቱ ሲበላ፣ ክሩ ራሱ መንደድ ይጀምራል። ያኔ ቤቱ በጥቁር ጭስ ይታፈናል። የቬፕ ጥጥ ያው የኩራዝ ክር ነው። ፈሳሽ የሚስብበት ፍጥነት አለው። በ28 ዋት ሽቦው የሚያተንነውና ጥጡ የሚያመጣው ይመጣጠናሉ። በ70 ዋት ሽቦው በአንድ ሰከንድ የሚጠይቀውን ጥጡ ማድረስ አይችልም። ይደርቃል። ይነዳል።

እርጥብ እስካለ ድረስ ሙቀቱም በራሱ ይገታል። ድስት ውስጥ ውኃ እስካለ ድስቱ አያርርም፤ እሳቱን ብትጨምሩ ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከመፍላቱ ብዙ አይግልም። እኛ ጎንደር፣ ከባሕር ወለል ከ2100 ሜትር በላይ ስለሆንን፣ ውኃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የቬፕ ፈሳሽ በአብዛኛው ሁለት ነገር ነው፦ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን። በባሕር ወለል ላይ የመጀመሪያው 188 ዲግሪ፣ ሁለተኛው 290 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ድብልቁ በመካከል ነው። ፈሳሹ ካለቀ ግን የሚገታው የለም፤ ሽቦው ይቀላል፣ ፈሳሹና ጥጡ ተፈረካክሰው ፎርማልዲሃይድና አክሮሊን የሚባሉ መርዞች ይወጣሉ። ፎርማልዲሃይድ አስከሬን እንዳይፈርስ የሚደረግበት መድኃኒት የሚሠራበት ነው። አክሮሊን ደግሞ ዘይት መጥበሻ ላይ ሲያርር ዓይን የሚያቃጥለው ነው።

በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት በዚህ ጉዳይ ብዙ አነጋግሯል። አንድን ቬፕ በ3.3 ቮልት ሲሞክሩት ፎርማልዲሃይድ የሚያመነጨውን ነገር አላገኙም፤ በ5 ቮልት ግን በብዛት አገኙት። ሌሎች ተመራማሪዎች ተነሡና "በዚያ ዕቃ 5 ቮልት ላይ ጥጡ ደርቆ ይነዳል፣ ጣዕሙን ሰው ሊታገሠው አይችልም" አሉ። እንግዲህ ክርክሩ የቱንም ያህል ቢሆን ሁለቱም ወገን የሚስማሙበት ነገር አለ፦ የደረቀ ጥጥ ላይ የሚጫን ጉልበት መርዝ ይወልዳል። ጉሮሮ ጠበሰኝ ማለት ሰውነታችሁ "ተው" ብሏችኋል ማለት ነው። አንዴ የነደደ ጥጥ ደግሞ ዋት ስለቀነሳችሁለት አይመለስም። መጣል ነው።

አዲስ ኮይልም ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል፤ ጥድፊያ ስላለን። ጥጡ ላይ ጥቂት ፈሳሽ ጠብ ማድረግ፣ ታንኩን ሞልቶ አሥር ደቂቃ ማቆየት ነው። ቡና እንኳ ሦስት ጊዜ እስኪወርድ እንጠብቅ የለም እንዴ።

ኦም ብቻውን ሁሉን አይናገርም። ሁለት ኮይሎች እኩል 0.4 ኦም ሆነው አንዱ 30፣ ሌላው 60 ዋት ሊፈልግ ይችላል። አንዱ ቀጭንና አጭር፣ ሌላው ወፍራምና ረጅም ሽቦ ነው። ሙቀቱ በምን ያህል ስፋት ላይ ይሰራጫል ነው ጥያቄው። የ3500 ዋቱ ሙቀት ሰፊ የሸክላ ምጣድ ላይ ስለተበተነ እንጀራ ያወጣል፤ ያንኑ ሙቀት ጀበና ሥር ብትሰበስቡት ጀበናው ይሰነጠቃል። ወፍራም ሽቦ ቶሎ አይግልም፤ ስለዚህ አንዳንድ ዕቃ ለመጀመሪያው ግማሽ ሰከንድ ብቻ ጉልበት ጨምሮ የሚያሞቅበት ሁነታ አለው። ቀጭን ሽቦ ላይ ያንን ሁነታ አትንኩት።

አሳሳቡም ይለያል። እንደ ሲጋራ መጀመሪያ ወደ አፍ ስቦ ከዚያ ወደ ሳንባ የሚያስገባ ሰው ከ1 ኦም ከፍ ያለ ኮይልና ከ10 እስከ 15 ዋት ይበቃዋል። በቀጥታ ወደ ሳንባ የሚስብ፣ ያ ቤት የሚሞላ ደመና የሚፈልገው፣ ከ1 ኦም በታችና ከ30 ዋት በላይ ነው። እዚህ ላይ ኒኮቲኑን መርሳት አደገኛ ነው። ዋት በጨመራችሁ ቁጥር በአንድ ስቢያ የሚተነው ፈሳሽ ይበዛል፤ ኒኮቲኑም አብሮ ይበዛል። የአውሮፓ ኅብረት የሚፈቅደው ከፍተኛው በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ነው። እንዲህ ያለ ፈሳሽ የሚስማማው ለትንንሾቹ፣ ለዝቅተኛ ዋቶቹ ነው። 20 የሚል ፈሳሽ በ60 ዋት የሳበ ሰው ራሱ ይዞራል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ላብ ያጠምቀዋል። የልጁን ጠርሙስ አየሁት። 20 ይላል። "ትናንት ማታ ያስመለሰኝ ጠላው መስሎኝ" አለ ቀስ ብሎ።

ባትሪውን ላምጣ፤ እኔን ከሁሉም የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

28 ዋት ሲጠየቅ 3.4 ቮልት ላይ ያለ ባትሪ፣ የሰሌዳዋን ብክነት ጨምሮ፣ 9 አምፔር ገደማ ይሰጣል። 70 ዋት ሲጠየቅ ግን ከ20 አምፔር ይበልጣል። ምጣዱ ስንት ነበር? 16። አዎ፣ ያቺ የሲጋራ ፓኮ የምታክል ዕቃ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት ከእንጀራ ምጣድ ይበልጣል። ቮልቱ ትንሽ ስለሆነ አይነዝርም፣ ግን ያሞቃል። ልብ በሉ፣ ባትሪው ባለቀ ቁጥር የሚጠየቀው አምፔር እየጨመረ ይሄዳል፤ የደከመ በሬ ላይ ጭነት እንደመጨመር ነው። ደግሞ 3000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ በ70 ዋት ያለማቋረጥ ቢሠራ አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ በ28 ከሃያ ደቂቃ በላይ ይሄዳል።

እነዚህ ሲሊንደር ባትሪዎች 18650 ይባላሉ፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። አንዱ ከሌላው በመልክ አይለይም፣ በአቅም ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ገበያ ላይ በእጅ ባትሪ ውስጥ የሚሸጡ፣ 9900 የሚል የተጻፈባቸው አሉ። ውሸት ነው። በዚህ መጠን የሚሠራ ደህና ባትሪ ከ3500 ብዙ አያልፍም። ከአሮጌ ላፕቶፕ የሚወጡትም፣ እኔ ራሴ ለሬዲዮና ለመብራት የምጠቀምባቸው፣ ጥቂት አምፔር ለረጅም ሰዓት እንዲሰጡ የተሠሩ ናቸው። 20 አምፔር ሲጠየቁ ይግላሉ፣ አንዳንዴም ይፈነዳሉ። "ባትሪዋ ሞተች፣ ከላፕቶፕ አንድ ስጠኝ" የሚለኝ ሰው ሁሌ አለ። አልሰጥም። ተቀይሞኝ የሄደም አለ።

ባትሪውን የሸፈነውን ስስ ፕላስቲክም ተመልከቱ። ከላይ ያለችው ትንሽ አናት ፖዘቲቭ ናት፤ ቀሪው ገላ በሙሉ፣ እስከ አናቱ ጠርዝ ድረስ፣ ኔጌቲቭ ነው። መሐላቸው ያለው ያ ስስ ፕላስቲክና አንዲት የወረቀት ቀለበት ብቻ ናቸው። ፕላስቲኩ ከተቀደደ፣ ወይም ባትሪው ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ከተቀመጠ፣ በቀጥታ ሊገናኙ ይችላሉ። በአውሮፕላንም ከእጃችሁ እንጂ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም የሚባለው ለዚህ ነው።

የሙቀት ሁነታ የሚባልም አለ፤ ብዙ ሰው ስለማይጠቀምበት ባጭሩ ልለፈው። አንዳንድ ብረቶች ሲግሉ ኦማቸው ይጨምራል። ኒኬል ለምሳሌ ከ20 ወደ 220 ዲግሪ ሲወጣ ተቃውሞው ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ሰሌዳዋ ይህን እያየች "220 ደረሰ፣ ይብቃው" ብላ ጉልበቱን ትቀንሳለች። ጥጡ ሲደርቅም እንዳይነድ ያግዛል። የሚሠራው ግን ለኒኬል፣ ለታይታኒየምና ለአንዳንድ አይዝጌ ብረት ነው። ካንታል የሚባለው ብዙ ኮይል የሚሠራበት ሽቦ ሲግልም ኦሙ እምብዛም አይለወጥም፤ ስለዚህ በእሱ ላይ ይህን ሁነታ ብታበሩት ሰሌዳዋ በጭፍን ነው የምትሠራው። መጀመሪያ ኦሙ ሲለካ ደግሞ ኮይሉ ቀዝቃዛ መሆን አለበት።

ስለ መፍሰስ ደግሞ፦ ከመተማ ቆላ ወደ ጎንደር ሲወጣ ታንኩ ኪሱ ውስጥ የፈሰሰበት ሰው ዋቱን ሲነካካ አይቻለሁ። ዋቱ ምንም አላደረገም። ከታች የገባው አየር ደጋ ላይ ሲደርስ ይለጠጥና ፈሳሹን ይገፋል፤ የተዘጋ የውኃ ላስቲክ ከቆላ ስናመጣው እንደሚወጠር ማለት ነው። ዕቃውን ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ከጉዞ በፊት ታንኩን ጨርሶ ባዶ ማድረግ ይበቃል።

"ግን ከሲጋራው ይሻላል አይደል?" አለኝ ልጁ በመጨረሻ። የአጎቱ ልጅ እንደዚያ ብሎታል። ትምባሆ ሲነድ የሚወጣው ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ እዚህ የለም፤ በልኩ ከተሠራ መርዙ ከሲጋራ ጭስ ያነሰ ነው። ንጹሕ አየር ግን አይደለም። ኒኮቲኑም ያው ሱስ የሚያስይዝ ኒኮቲን ነው። አጭሶ የማያውቅ ሰው ይህን የሚጀምርበት አንድም ምክንያት አይታየኝም። በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሳንባቸው ተጎድቶ ሆስፒታል የገቡትንም ሰዎች አነሣሁለት፤ እስከ የካቲት 2020 እ.ኤ.አ. 2807 ታመው 68 ሞተዋል። የዚያ ዋና ተጠያቂ ዋት አልነበረም፤ በተለይ የካናቢስ ንጥር ባለባቸው ፈሳሾች ውስጥ የተደባለቀ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነው። ማን እንደቀላቀለው የማይታወቅ ፈሳሽ በ25 ዋትም ቢሆን ያው ነው።

ካርቶኑ ውስጥ መለዋወጫ ኮይል ነበረች። ከፈሳሹ ጠብ ጠብ አድርገን ቀየርናት፣ አሥር ደቂቃ ቆየን፣ 25 ላይ አደረግናት። ሳበ። "ምንም አይልም" አለ። 28 አደረግነው። ዝም አለ፤ እንደተስማማው በዚያ አወቅሁ። የባትሪው ፕላስቲክ አንገቱ ላይ ተቀዶ ስለነበር በአዲስ ሸፈንኩለት። ስለ 20ው ፈሳሽ "ለዚህ ዕቃ አይሆንም፣ ቢያንስ ማታ ማታ ከጠላ ጋር አታድርገው" አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። መስማቱን እንጃ።

እሱ ሲወጣ ወደ ምጣዱ ተመለስኩ። ቴስተሩን ሁለቱ ጫፍ ላይ አደረግሁት። 11.8 ኦም። ከእኔ በፊት የነካው ጠጋኝ ሽቦውን ቆርጦ ቀጥሎታል። ሙሉ ርዝመት ያለው አዲስ ሽቦ አውጥቼ በሸክላው ቦይ ውስጥ መዘርጋት ጀመርኩ። ጎረቤቴ አመሻሽ ላይ መጥተው ወሰዱት፤ የሽቦውን ሒሳብ ግን "እንግዳው ይሸኝ እንጂ" አሉኝ።